የዝምታው ሰልፍ ምስክር

[የማዘጋጃ ቤቱ የጓሮ ክፍል፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። ግድግዳው ሥር የፕላስቲክ ወንበሮች ተደራርበዋል። ጠረጴዛው ላይ የፋይል ካርቶኖችና አሮጌ ፎቶዎች። ፕሮቶኮል የሚባለው ሰውዬ ከማዘጋጃ ቤቱ ጡረታ ወጥቷል፤ ሠላሳ ዓመት የከተማውን ዓመታዊ ሰልፍ ከፊት ሆኖ መርቷል፤ አሁን ደግሞ «የከተማችን ሰልፎችና ስብሰባዎች ታሪክ» የሚል መጽሐፍ ጽፏል። ድምድም የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው፤ በዚያው ሰልፍ ላይ ትልቁን ከበሮ ተሸክሞ ሲመታ ኖሯል። አሁን እስክሪብቶ ይዞ ወረቀት ላይ አጎንብሷል፤ ግን አይፈርምም።]

ድምድም፦ ወደ ቀኝ ነው።

ፕሮቶኮል፦ ወደ ግራ።

ድምድም፦ ጋሼ፣ ሰልፉ ፋርማሲው ጋ ሲደርስ የሚታጠፈው ወደ ቀኝ ነው። ከዚህ በር አራት መቶ አሥራ ሁለት እርምጃ፣ ከዚያ ቀኝ። ከእንቅልፌ ቀስቅሰው ቢጠይቁኝ ቀኝ ነው የምልዎት።

ፕሮቶኮል፦ ማን ቀሰቀሰህ? ተኛ። የምጠይቅህ አንድ ፊርማ ብቻ ነው። ስድስት ሰዓት ላይ ማተሚያ ቤቱ ይጠብቀኛል። የመጽሐፉ ኮሚቴ ደግሞ ባለፈው ሳምንት ብድግ ብሎ «የዓይን ምስክር ያልፈረመበት ምዕራፍ አይታተምም» የሚል መመሪያ አወጣብኝ።

ድምድም፦ የቀሩት ምዕራፎች ላይ ማን ፈረመ?

ፕሮቶኮል፦ ለእነሱማ ምስክር ሞልቷል። ሁለተኛው ላይ ልብስ ሰፊው ፈርሟል። «ታላቁ ሕዝባዊ ስብሰባ።» [ፎቶ ያነሳል] እየው እስቲ። ሕዝቡ ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ እንዴት እንደቆመ። ዓይኑን ተመልከት፣ ቆራጥነቱን።

ድምድም፦ [ፎቶውን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ] ይሄማ የስኳር ወረፋ ነው። ይቺውና እህቴ እትዬ፣ ፌስታል ይዛ።

ፕሮቶኮል፦ ወረፋ ስብሰባ አይደለም ያለህ ማነው? ሕዝብ ነው፣ ተሰብስቧል፣ ዓላማ አለው።

ድምድም፦ ዓላማውስ ነበር። ስኳሩ ነው ያልነበረው።

ፕሮቶኮል፦ አንተ እኮ ችግርህ ነገርን ከሥሩ ሳይሆን ከፌስታሉ ማየትህ ነው። ለዚህ ነው ታሪክ ጸሐፊ ያልሆንከው።

ድምድም፦ ጸሐፊስ አልሁን። ግን ልጠይቅዎት፣ እኔ የትኛው ምዕራፍ ላይ ነኝ?

ፕሮቶኮል፦ አንተ?

ድምድም፦ እኔ። ሠላሳ አንድ ዓመት ከበሮ ተሸክሜያለሁ። ትከሻዬ ላይ ማንገቻው የሠራው ጉድጓድ አለ፣ ላሳይዎት?

ፕሮቶኮል፦ አታሳየኝ።

ድምድም፦ መጽሐፉ ለየትምህርት ቤቱ ይታደላል ሲባል የልጅ ልጄ ሰምታ፣ «አያቴ፣ አንተ የት ገጽ ላይ ነህ?» አለችኝ። ነገ እነግርሻለሁ አልኳት። ይኸው ሦስት ሳምንቴ፣ ነገ እያልኩ።

ፕሮቶኮል፦ ወንድሜ፣ ታሪክ በማስረጃ ነው። [ፎቶዎችን እንደ ካርታ ይዘረጋል] እዚህ ፎቶ ላይ ከበሮ አለ። እዚህም ከበሮ አለ። ከከበሮው ሥር ሁለት እግር፣ ከከበሮው በላይ አንድ ኮፍያ። መሐሉ የታለ? ፊት የታለ? የእግሩ ባለቤት አንተ መሆንህ በምን ይታወቃል?

ድምድም፦ ጫማው የእኔ ነው። የግራው ክር ሁልጊዜ እንደተፈታ ነው፤ አዩት?

ፕሮቶኮል፦ ክር ማስረጃ አይሆንም። ፎቶ ላይ ያልታየ ሰው ታሪክ ላይ የለም። የእኔ ሕግ አይደለም፣ የሙያው ሕግ ነው።

ድምድም፦ ሠላሳ አንድ ዓመት የት ነበርኩ ልበላት ታዲያ?

ፕሮቶኮል፦ [ሰዓቱን ያያል] እሺ፣ እንስማማ። ምዕራፍ ሰባት ላይ ምስክር ሆነህ ፈርምልኝ። እኔ ደግሞ ከፎቶው ሥር «ከከበሮው ኋላ ያለው እገሌ» ብዬ አስገባሃለሁ።

ድምድም፦ በሙሉ ስሜ?

ፕሮቶኮል፦ ከነአያትህ።

ድምድም፦ [ፊቱ ይበራል] ያንብቡልኝ እንግዲያው። ያልሰማሁት ነገር ላይ አልፈርምም።

ፕሮቶኮል፦ [ይነሳል፤ ኮቱን ይቆልፋል፤ ጉሮሮውን ይጠርጋል] «ምዕራፍ ሰባት። የዝምታው ሰልፍ።»

ድምድም፦ መቼ ነው እሱ?

ፕሮቶኮል፦ የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት። ፖስታ ቤቱ አደባባይ ላይ ያደረግነው ነዋ።

ድምድም፦ ፖስታ ቤት ሄደን እናውቃለን እንዴ?

ፕሮቶኮል፦ አንተ ከከበሮ ኋላ ተደብቀህ የት እንደሄድክ በምን ታውቃለህ? ዝም ብለህ ስማ። «በዚያ ዓመት መሪው፣ ማለትም የዚህ መጽሐፍ ደራሲ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ በር ተነስቶ ሰልፉን በሃያ እርምጃ ቀድሞ መራ።»

ድምድም፦ ሃያ እርምጃዋ እውነት ናት። ትንሽ ጠጋ ካልን ይቆጡን ነበር።

ፕሮቶኮል፦ መሪና ተመሪ ካልተራራቁ አንድ ላይ ገበያ የሚሄዱ ነው የሚመስሉት። «ፋርማሲው ጋ ሲደርስ መሪው ወደ ግራ ታጠፈ። ሕዝቡም ወደ ግራ ታጠፈ።»

ድምድም፦ ሲታጠፍ አዩት?

ፕሮቶኮል፦ መሪ ወደ ኋላ አይዞርም። ወደ ኋላ የሚዞር መሪ ሕዝቡን ተጠራጥሯል ማለት ነው። እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንዴም ዞሬ አላውቅም።

ድምድም፦ እውነት ነው፣ ዞረው አያውቁም።

ፕሮቶኮል፦ «ጥቂት እንደተጓዝን ጥሩምባው ሦስት ጊዜ ተነፋ። መሪውም ሳይዞር እጁን ከፍ አድርጎ ሰላምታውን መለሰ።»

ድምድም፦ [ራሱን እያከከ] ጥሩምባ ሦስት ጊዜ ሲነፋ «ቁም» ማለት አልነበር?

ፕሮቶኮል፦ በዚያን ቀን ሰላምታ ነበር። አታቋርጠኝ፣ ጥሩው ቦታ እየደረሰ ነው። «ከዚህ በኋላ ከበሮው ድምፁን ዝቅ አደረገ። ዝቅ፣ ዝቅ፣ ዝቅ እያለ ሄዶ በመጨረሻ በአክብሮት ጸጥ አለ። ሦስት ሺህ ሰው ኮሽታ ሳያሰማ ተራመደ። የእግር ድምፅ እንኳ አልነበረም።»

ድምድም፦ ይቅርታ ጋሼ። ከበሮው ማለት እኔ ነኝ?

ፕሮቶኮል፦ አንተ ነህ። እየው፣ ያለ ስም ግን ገብተሃል።

ድምድም፦ እኔ እኮ ዝም ብዬ አላውቅም። ፊቴ ላይ ያን የሚያህል ነገር ተገትሮ መንገዱን በምን ላየው? በቁጥር ነው የምሄደው። አንድ ምት፣ አንድ እርምጃ። መምታቱን ካቆምኩ ቁጥሩ ይጠፋኛል፤ ቁጥሩ ከጠፋኝ ግድግዳ ነው የምገጨው።

ፕሮቶኮል፦ በዚያን ቀን ልብህ ተነክቶ አቁመሃል።

ድምድም፦ ልቤ ተነክቶ? እንዴት አላስታውሰውም?

ፕሮቶኮል፦ እንዲህ ያለ ስሜት ራሱ ያስረሳል።

ድምድም፦ [ዓይኑን ወደ ወረቀቱ መልሶ] ይሆናል። እትዬም መርሳት ጀምረሃል ትለኛለች። ይቀጥሉ።

ፕሮቶኮል፦ «በመንገዱ ግራና ቀኝ የቆመው ሰው አፉን በእጁ ከድኖ ይመለከት ነበር። አንዲት እናት ግድግዳ ተደግፈው እንባቸውን ሲጠርጉ ታዩ። ልብስ ሰፊው ሆዱን ይዞ ደረጃው ላይ ተቀመጠ።»

ድምድም፦ ሆዱን ምን ሆኖ?

ፕሮቶኮል፦ ስሜት ነዋ። የሰው አንጀት ሲላወስ የት የሚላወስ ይመስልሃል?

ድምድም፦ አፍ ተከድኖ፣ እንባ እየወረደ፣ ሆድ ተይዞ። እኔ እንዲህ የምሆነው ሌላ ጊዜ ነው።

ፕሮቶኮል፦ «የትራፊክ ፖሊሱ ቀረበና ‹ወዴት ነው?› ሲል ጠየቀ። መሪውም ‹ወደፊት› ሲል መለሰ።» ይቺን ሽፋኑ ጀርባ ላይ አስወጥቻታለሁ።

ድምድም፦ ጥሩ ናት። አጭር ናት።

ፕሮቶኮል፦ «ከኋላችን መኪኖች ክላክስ እያሰሙ እስከ አደባባዩ ድረስ አጀቡን።»

ድምድም፦ ከማን ኋላ?

ፕሮቶኮል፦ ከእኔ ኋላ።

ድምድም፦ መኪኖቹ?

ፕሮቶኮል፦ መኪኖቹ። አንድ ሚኒባስማ በጣም ከመቅረቡ የተነሳ የሞተሩ ሙቀት ባቴን ያቃጥለኝ ነበር።

ድምድም፦ [የውሃ ብርጭቆ፣ ማኅተምና የወረቀት መያዣዎች ጠረጴዛው ላይ ይደረድራል] ቀስ ይበሉልኝ ጋሼ፣ እኔ ቶሎ አይገባኝም። ብርጭቆው እርስዎ ነዎት፤ ፊት። ከዚያ ሃያ እርምጃ ባዶ። ከዚያ ማኅተሙ፣ እኔ። ከኋላዬ የሙዚቃ ባንዱ፣ ተማሪዎቹ፣ ነጋዴዎቹ፣ ጡረተኞቹ፣ ሦስት ሺህ ሰው። ሚኒባሱን የት ላስቀምጠው?

ፕሮቶኮል፦ እዚህ። ሃያው እርምጃ ውስጥ።

ድምድም፦ በማን ላይ አልፎ ገባ?

ፕሮቶኮል፦ በጎን ገብቶ ይሆናል። ስለ ሚኒባስ አይደለም የምጽፈው። ማሳረጊያውን ስማ። «አደባባዩ ሲደረስ መሪው ፊቱን ወደ መድረኩ አድርጎ ግማሽ ሰዓት ቀጥ ብሎ ቆመ። ከዚያም ‹ተበተኑ› ሲል አዘዘ። ይህን ብሎ ዞር ቢል አደባባዩ ላይ አንድ ሰው አልነበረም። ሦስት ሺህ ሰው በአንድ ቃል፣ በቅጽበት፣ ኮሽ ሳይል ተበትኗል። እንዲህ ያለ ሥነ ሥርዓት በከተማችን ከዚያ በፊት አልታየም፤ ከዚያ በኋላም አልታየም።» [ወረቀቱን ያስቀምጣል፤ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ይጠርጋል]

ድምድም፦ [ብርጭቆውንና ማኅተሙን እያየ] ጋሼ።

ፕሮቶኮል፦ ተነካህ አይደል? ማንም ሲሰማው እንዲሁ ነው።

ድምድም፦ ዞር ሲሉ ማንም አልነበረም?

ፕሮቶኮል፦ ማንም።

ድምድም፦ አንድ የጠፋ ሕፃን? የረገፈ ወረቀት? ከሰው መሐል ጫማው ወልቆ የሚፈልግ?

ፕሮቶኮል፦ ምንም። ሥነ ሥርዓት ማለት እሱ ነው።

ድምድም፦ ፎቶስ አለው?

ፕሮቶኮል፦ ይሄኛው የለውም። ፎቶ አንሺው በስሜት ተውጦ ማንሳቱን ረሳው መሰለኝ። ጭራሽ አላየሁትም።

ድምድም፦ ፎቶ ላይ የሌለ ታሪክ ላይ የለም ብለውኝ ነበር እኮ፣ አሁን።

ፕሮቶኮል፦ እኔማ የዓይን ምስክር አለኝ።

ድምድም፦ ማን?

ፕሮቶኮል፦ አንተ ነሃ። በል ፈርም።

ድምድም፦ [እስክሪብቶውን ቀስ ብሎ ያስቀምጣል] ይሄ እኮ ጥሩምባው ጥርሱ የወለቀበት ዓመት ነው።

ፕሮቶኮል፦ የቱ ጥሩምባ?

ድምድም፦ ጥሩምባ ነፊው። የኳስ ሜዳው መንገድ ለቧንቧ ተቆፍሮ፣ ቦዩ ውስጥ የገባ ጊዜ።

ፕሮቶኮል፦ ኳስ ሜዳ ምን ልትሠሩ ሄዳችሁ? ሰልፉ ፖስታ ቤት ነበር።

ድምድም፦ ሰልፉ ኳስ ሜዳ ነበር። ፖስታ ቤት የነበሩት እርስዎ ነዎት።

[ፕሮቶኮል መነጽሩን መልሶ ያደርጋል።]

ፕሮቶኮል፦ ከማን ጋር?

ድምድም፦ ከሚኒባሱ ጋር።

ፕሮቶኮል፦ [ወንበር ስቦ ይቀመጣል] ተምታቶብህ ነው። የሌላ ዓመት ነው።

ድምድም፦ አልተምታታብኝም። አራት መቶ አሥራ ሁለት ስል እንደ ሁልጊዜው ቀኝ ታጠፍኩ። እርስዎ ግራ መታጠፍዎን በየት ልየው? ሰዉ ደግሞ ከበሮውን ተከተለ። የሰው እግር የሚሄደው በሚሰማው ነው፤ እርስዎ ሃያ እርምጃ ርቀው ድምፅ የለዎትም። ጥሩምባው ደንግጦ ሦስቴ ነፋልዎት። እጅዎን ሲያወጡ እኛ «ተቆጥቷል፣ ተዉኝ እያለ ነው» ብለን ተውንዎት።

ፕሮቶኮል፦ እና ከበሮው ዝቅ፣ ዝቅ ያለው…

ድምድም፦ ስንርቅ ነዋ።

ፕሮቶኮል፦ [ከወረቀቱ ላይ ዓይኑን አያነሳም] እናትየዋስ? ግድግዳ ተደግፈው ያለቀሱት?

ድምድም፦ ለብቻዎ ደረትዎን ነፍተው፣ የመሪ ዱላዎን እያወዛወዙ፣ ሚኒባስ አስከትለው ሲያልፉ አይተው በሳቅ ነው። እስካሁን ሲያወሩት እንደገና ያለቅሳሉ።

ፕሮቶኮል፦ አይሆንም። በማግስቱ የሰፈሩ ትልልቅ ሰዎች ቤቴ ድረስ መጥተው አንገታቸውን ደፍተው አልቆሙም? ሊያመሰግኑኝ?

ድምድም፦ ይቅርታ ሊጠይቁ ነው የመጡት። ሜዳ ላይ ጥለነው ሄድን ብለው ሌሊቱን አልተኙም።

ፕሮቶኮል፦ ምን አልኳቸው እኔ?

ድምድም፦ «ምንም አይደለም፣ ግዴታዬን ነው የተወጣሁት» አሏቸው። «ምን ዓይነት ሆደ ሰፊ ሰው ነው» እያሉ ወጡ።

ፕሮቶኮል፦ አሥራ ዘጠኝ ዓመት። አንድ ሰው፣ አንድ ሰው እንኳ አይነግረኝም?

ድምድም፦ የሚያውቁ መስሎን ነበር። በዓመቱ ቁጭ ብለው «ያ የዝምታ ሰልፍ» እያሉ ማውራት ሲጀምሩ ነው ያለማወቅዎ የገባን። ያኔ ደግሞ እትዬ ከለከለችን።

ፕሮቶኮል፦ እህትህ ታውቃለች?

ድምድም፦ እርስዎ ማታ ገበታ ላይ ይሄን ታሪክ ሲጀምሩ ብድግ ብላ ጓዳ የምትገባው ለምን ይመስልዎታል?

ፕሮቶኮል፦ ልቧ ተነክቶ።

ድምድም፦ ስቃ ስቃ፣ ፊቷን ታጥባ ትመለሳለች። ግን «የነገረው ሰው ቤቴ ድርሽ እንዳይል» ብላለች። ትወድዎታለች እኮ።

ፕሮቶኮል፦ ከዚያ ወዲህስ? ከኋላዬ ሁለት ጥበቃ ተመድቦልኝ አልነበር? እነዚያ ባለ ከባድ ጫማ?

ድምድም፦ ጥበቃ አይደሉም። እርስዎ ወዴት እንደታጠፉ ለእኔ እየጮኹ የሚነግሩኝ ናቸው። ጫማቸው ኮሽ ኮሽ እንዲል ሆን ተብሎ ነው፤ ሰው እንዳለ እንዲሰማዎት።

ፕሮቶኮል፦ ኮሚቴውስ? ምዕራፍ ሰባትን ሰባት ሰው ነው ያነበበው። ለምን አልተናገሩም?

ድምድም፦ ማን ይድፈር? ተመካከሩና የዓይን ምስክር የሚለውን መመሪያ አወጡ። መጨረሻው እኔ ጋ እንደሚደርስ ያውቃሉ።

ፕሮቶኮል፦ [በሁለት እጁ ራሱን ይዞ] እና አንተ ዛሬ ደፈርክ።

ድምድም፦ እንደማያውቅ ሆኜ ሰምቼ ልፈርም መጥቼ ነበር፤ እውነቴን ነው። ስሜ ይግባ እንጂ ምን አገባኝ ብዬ ነበር። ግን ልጅቷ ታነበዋለች። «አያቴ፣ አይተሃል?» ትለኛለች። ለእሷ ምን ብዬ እዋሻለሁ?

[ፕሮቶኮል ለረጅም ጊዜ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ብርጭቆ ያያል። ከዚያ ድንገት ቀና ይላል።]

ፕሮቶኮል፦ ቆይ። ቆይ እስቲ። መንገዱ እኮ ተቀይሮ ነበር።

ድምድም፦ ምን ተቀይሮ?

ፕሮቶኮል፦ የዚያ ዓመት መንገድ። የኳስ ሜዳው መንገድ ስለተቆፈረ በፖስታ ቤት ይሁን ተብሎ ትእዛዝ ወጥቷል። በጽሑፍ፣ በማኅተም። ስለዚህ እኔ ትክክል ነበርኩ። ጥፋቱ የአንተ ነው።

ድምድም፦ የእኔ?

ፕሮቶኮል፦ ትእዛዝ ጥሰህ ሦስት ሺህ ሰው ቦይ ውስጥ ከተትክ።

ድምድም፦ የገባው አንድ ሰው ነው።

ፕሮቶኮል፦ ጥርሱስ?

ድምድም፦ ሁለት ነው። የፊቶቹ። [ድምፁ ይወርዳል] ጥሩምባው ከዚያ ወዲህ ነፍቶ አያውቅም። የፊት ጥርስ ከሌለ ትንፋሽ አይሰበሰብም። መንገድ ላይ ሲያየኝ ማዶ ይሻገራል። ጋሼ፣ እኔ ይሄን ነገር ተሸክሜው ነው የኖርኩት። ማታ ማታ እርምጃዬን እንደገና እቆጥራለሁ፤ የት ላይ እንደተሳሳትኩ ልይ ብዬ።

ፕሮቶኮል፦ ቁጥር አይደለም የተሳሳትከው፣ ትእዛዝ ነው የጣስከው። መጽሐፉ ውስጥ ልግባ አላልክም? ትገባለህ። [እየጻፈ ያነባል] «በዚያ ዓመት ከበሮ መቺው በጽሑፍ የተላለፈውን ትእዛዝ ባለማክበር ሕዝቡን አሳሳተ፤ ጉዳትም አደረሰ።» ከነአያትህ ነው የማስገባህ።

ድምድም፦ ጋሼ፣ ይሄንንስ ለልጅቷ አያስነብቡብኝ። ይቅርብኝ፣ አልገባም። ከበሮው ብቻውን ይግባ።

ፕሮቶኮል፦ ታሪክ አያዝንም።

ድምድም፦ ትእዛዙ እኮ አልደረሰኝም።

ፕሮቶኮል፦ አልደረሰኝም ማለት የሁሉም ጥፋተኛ አመል ነው። እኔ ወረቀት የማልጥል ሰው ነኝ። [አንድ ካርቶን አውርዶ ይፈትሻል፤ አቧራ ያስነጥሰዋል፤ ቢጫ የሆነ ወረቀት ያወጣል] ይኸው። ስማ፣ በደንብ ስማ። «ጉዳዩ፦ የሰልፍ መንገድ ለውጥን ይመለከታል። የኳስ ሜዳው መንገድ ለቧንቧ ዝርጋታ የተቆፈረ በመሆኑ የዘንድሮው ሰልፍ በፖስታ ቤቱ አደባባይ እንዲሆን ተወስኗል። ይህንኑ አውቀው ለሚመለከታቸው ሁሉ በአስቸኳይ እንዲያሳውቁ እናሳስባለን።» በአስቸኳይ ነው የሚለው።

ድምድም፦ ያሳሰበው ማነው?

ፕሮቶኮል፦ የሥነ ሥርዓት ክፍል ኃላፊው።

ድምድም፦ ያን ጊዜ ኃላፊው ማን ነበር?

ፕሮቶኮል፦ እኔ ነበርኩ። ፊርማዬን አታውቀውም?

ድምድም፦ እሺ። ያሳውቁ የተባለውስ ማነው? የተጻፈው ለማን ነው?

ፕሮቶኮል፦ «ለሰልፉ መሪ።»

ድምድም፦ [ጣቱን አንስቶ] መሪው…

ፕሮቶኮል፦ [ድምፁ ትንሽ ይቀንሳል] መሪው እኔ ነኝ። ግን ግልባጭ አለው።

ድምድም፦ ተመስገን። ግልባጩ ለማን ነው?

ፕሮቶኮል፦ «ለመዝገብ ቤት።»

ድምድም፦ የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ታዲያ ለምን አልነገረችንም? ጥሩ ሴት ነበረች።

ፕሮቶኮል፦ [ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን ያያል] በዚያ ወር ወሊድ ላይ ነበረች።

ድምድም፦ ማን ተክቷት ነበር?

[ፕሮቶኮል ወረቀቱን አጥፎ እንደገና ይዘረጋዋል።]

ድምድም፦ ጋሼ?

ፕሮቶኮል፦ እኔ ደርቤ ይዤው ነበር።

ድምድም፦ እና ደብዳቤው ደረሰዎት?

ፕሮቶኮል፦ ሁለቱም ደርሰውኛል። ፈርሜ ነው የተቀበልኩት። በዕለቱ።

[ሁለቱም ወረቀቱን ያያሉ።]

ድምድም፦ ሌላ የደረሰው ሰው የለም?

ፕሮቶኮል፦ የለም።

ድምድም፦ እንግዲያው ጥርሱ በእኔ አይደለም።

ፕሮቶኮል፦ አይደለም።

ድምድም፦ እስቲ ይድገሙልኝ።

ፕሮቶኮል፦ በአንተ አይደለም። አንተ ቁጥርህን አልሳትክም። በእኔ ነው። [መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል] አፈርኩ ወንድሜ። ከተማውን ሁሉ ሞኝ ሳደርግ፣ አንተንም ሞኝ ስልህ ኖሬ።

ድምድም፦ ደብዳቤውን ያውሱኝ። ጥሩምባው ጋ ልወስደው ነው።

ፕሮቶኮል፦ አይ፣ እኔው ነኝ የምወስደው። በቀጥታ ማሳወቅ ዛሬ ልጀምር። [የጻፈውን ይሰርዛል፤ ከላዩ እንደገና ይጽፋል] «በዚያ ዓመት ሰልፉን የመራው…» ሙሉ ስምህ ማነው?

ድምድም፦ ሠላሳ ዓመት እህቴን አግብተው ስሜን አያውቁትም?

ፕሮቶኮል፦ ድምድም፣ ድምድም ስንል ኖረን ማን ይጠይቅ?

[ድምድም ጎንበስ ብሎ በጆሮው ይነግረዋል። ፕሮቶኮል ቀስ ብሎ፣ ፊደሉን እያሳመረ ይጽፈዋል። ድምድም ጽሑፉን አንድ ጊዜ ያነባል፤ ሁለተኛ ያነባል፤ ገጹ ስንት እንደሆነ መዳፉ ላይ ይጽፋል። ከዚያ እስክሪብቶውን አንስቶ የምስክር ቦታውን ይፈልጋል።]

ፕሮቶኮል፦ ቆይ፣ ሳትፈርም። እኔ የሄድኩበትን ብናወጣውስ? ፖስታ ቤቱን፣ ሚኒባሱን፣ ያን ሁሉ። ታትሞ ሲወጣ ሰው ይስቅብኛል።

ድምድም፦ [እየፈረመ] ሰውማ ስቆ ጨርሷል ጋሼ። የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት።